የደሴ ገበያ እህል እያለው፦ የ1965ቱ የወሎ ረሃብ እንዴት ተደበቀ፣ እንዴትስ ተጋለጠ

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ጠቅላይ ግዛት መናገሻ ደሴ እህል አላጣችም። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ገበያዋ እህል ይሸጥ ነበር፤ ዋጋውም ከድርቁ በፊት ከነበረው እምብዛም አልራቀም። በዚያው ዓመት ከደሴ ወደ ወልድያና ቆቦ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ሰው በጠኔ ይወድቅ ነበር። አጥኚዎች የሟቾቹን ቁጥር ከ40,000 እስከ 200,000 ያደርሱታል። ግምቱ እንዲህ የሰፋው በምክንያት ነው፤ የሞተውን መቁጠር የሚገባው አካል እንዲቆጠር አልፈለገም።

ሙስና ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ጉቦና የተመዘበረ ገንዘብ ነው። በወሎ የተበላሸው በዋናነት መረጃ ነበር። ሹሙ የተሰጠውን ሥልጣን የአለቃውን ስም ለመጠበቅ አዋለው፤ የሕዝብ አደራ የሆነው እውነት በመሳቢያ ተቆለፈበት። የተመዘበረ ገንዘብ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ በወቅቱ ያልተነገረ ረሃብ ግን የሚመለስ ነገር የለውም። ስለዚህ ይህን ጉዳይ እንደ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ተቋም እውነትን እንዴት እንደሚደብቅ፣ ሌሎችም እንዴት እንደሚያወጡት ለማየት እንመረምረዋለን።

ከወረኢሉ የወጣው ሪፖርትና 302 ቀናት

የ1965ቱን ለመረዳት ሰባት ዓመት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ከደሴ በስተደቡብ ካለው የወረኢሉ አውራጃ ረሃብ መግባቱን የሚገልጽ ሪፖርት ወጣ፤ አገር ግዛት ሚኒስቴርም ደረሰ። የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኋላ ዱካውን ተከትለው እንዳጠኑት፣ ወሬው ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ እርምጃ እንዲወስድ አዘዙ። ሚኒስቴሩ የወሰደው እርምጃ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ከወሎ ተዘጋጅቶ እንዲላክ መጠየቅ ነበር።

302 ቀናት ማለት ከአንድ አዝመራ እስከ ቀጣዩ ነው። ገበሬው መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ የሚያርስበትን በሬ ሸጦ ቤቱን ጥሎ ለመሰደድ የሚፈጅበትን ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ በጠረጴዛዎች መካከል አሳለፈው። የስም ዝርዝሩ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። በሥራ ላይ ግን የማስረጃን ሸክም ለሟች ያሸክማል፤ ዝርዝሩ እስኪሞላ ድረስም ማንም ምንም ባለማድረጉ አይጠየቅም። ይህ ዘዴ ዛሬም በየቢሮው ይሠራበታል። አንድ ችግር ሲነገር «በዝርዝር ተጠናክሮ ይቅረብ» የሚል መመሪያ ይጻፍበታል፤ የሚጠናከርበት ቀን ግን አይቆረጥለትም።

ከመስፍን ሥራ አጥኚ መውሰድ ያለበት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሪፖርቱ ውስጥ ከተጻፈው ይልቅ ሪፖርቱ የተጓዘበት ቀን ይበልጥ ይናገራል። «ረሃብ አልነበረም» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ደብዳቤው ገቢ በሆነበትና መልስ በወጣበት ቀን መካከል ያለውን ክፍተት ግን መካድ አይቻልም። የአገራችን መሥሪያ ቤት ወረቀት ለዚህ ይመቻል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና ግልባጭ የተደረገላቸው ክፍሎች ዝርዝር አለው፤ ላኪው በወጪ መዝገብ፣ ተቀባዩ በገቢ መዝገብ ያስፈሩታል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወረቀቱ የት እንደተኛ ይታያል። የኃላፊው መምሪያ፣ ማለትም በኅዳጉ ላይ በእጅ የተጻፈችው «ለእገሌ ይመራ» የምትለው መስመር፣ ከደብዳቤው ዋና ጽሑፍ ትበልጣለች፤ ማን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ የምትናገረው እሷ ናትና። ግልባጩም አይናቅ። ዋናው ደብዳቤ ከፋይል ቢጠፋ እንኳ ግልባጩ በሌላ መሥሪያ ቤት ሊገኝ ይችላል።

የገበያው ዋጋ የሸፈነው

የ1964 ክረምት ዝናብ በምሥራቅ ወሎ ቀረ። የ1965 በልግም ተከትሎ ቀረ። የእርሻ ሚኒስቴር በኅዳር 1965 ገደማ ባደረገው የሰብል ግምገማ የአደጋውን መልክ ያየ ቢሆንም ግምገማው ለሕዝብ አልወጣም። በዚያው ኅዳር መጨረሻ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከወሎ ተሰድደው አዲስ አበባ የገቡ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ለመርዳት ይሯሯጥ ነበር። እንግዲህ ምንም አላወቅንም የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ያበቃል። ዓለም ስለ ረሃቡ የሰማው ከዚህ በኋላ አሥር ወር አልፎ ነው።

የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል የእህሉ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በዚያ ዓመት የአገሪቱ የእህል ምርት ከመደበኛው የቀነሰው በ7 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበር አሳይቷል። በደሴ የእህል ዋጋም አልናረም። ይባስ ብሎ በረሃቡ ወራት እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎች አሉ። እህሉን የጎተተው የመግዛት አቅም ነው። አዲስ አበባ ብር ነበራት፤ ሰብሉ የጠፋበት ጭሰኛ ግን እህልም ብርም አልነበረውም። የራሱ ማሳ ሲከዳው የሚበላውንም፣ ሸጦ የሚገዛበትንም በአንድ ጊዜ አጣ። ዋጋ የሚንረው ገዢ ሲሻማ ነው፤ እርሱ ደግሞ ገበያው ውስጥ ለመሻማት እንኳ አልገባም። ስለዚህ የደሴ ነጋዴ መዝገብ ላይ የረሃብተኛው ድምፅ የለም።

በአፋሩ ላይ የደረሰው ሌላ መንገድ አለው። በደረቅ ወራት መንጋው የሚሸሽበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለጥጥና ለሸንኮራ ትላልቅ እርሻዎች ተወስዶ ነበር። ዝናብ ሲቀር የሚሄድበት አጣ፤ ከብቱ ከሳ፤ የከሳ ከብት ደግሞ በገበያ ዋጋ የለውም። አርብቶ አደር የሚያስፈልገውን ጉልበት ከወተትና ከሥጋ ብቻ አያገኝም፤ ከብት ሸጦ እህል ይሸምታል። ፍየሉ አምና 60 ኪሎ ማሽላ ይገዛ የነበረ ዘንድሮ 20 ኪሎ ብቻ ከገዛለት፣ የማሽላው ዋጋ አንድ ሳንቲም ባይጨምርም የቤተሰቡ ቀለብ ሁለት ሦስተኛው ሄዷል። የእህል ዋጋ ብቻ የሚከታተል ሹም ይህን በፍጹም አያየውም። አይቶ ዝም ለማለት የፈለገ ሹም ደግሞ የተረጋጋ ገበያ የሚያሳይ እውነተኛ ሰንጠረዥ በእጁ ይኖረዋል። በሐሰት ቁጥር ከመሸፈን ይልቅ ትክክለኛ ግን ጎዶሎ በሆነ ቁጥር መሸፈን ለማጋለጥ ይከብዳል፤ የወሎ ጉዳይ ይህን ከማንኛውም የምናውቀው ጉዳይ በላይ ያሳያል።

መደበቁ ለማን ይጠቅም ነበር

የወሎ ጠቅላይ ገዥነት ማዕረግ የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ነበር፤ ሥራውን ደሴ ተቀምጦ የሚያከናውነው እንደራሴ ነው። አልጋ ወራሹ በዚያው ዓመት በጠና ታመው ለሕክምና ወደ አውሮፓ ሄዱ። በእንዲህ ያለ አሠራር ስለ ግዛቱ የሚወጣ ክፉ ወሬ ሁሉ በቀጥታ የዘውዱን ቤት ይነካል። እንደራሴው ለላይ የሚያቀርበው ሪፖርት ስለ ሕዝቡ ብቻ አይሆንም፤ ስለ ሿሚዎቹም ጭምር ይሆናል። በግንቦት 1965 ደግሞ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን 10ኛ ዓመት ታከብር ነበር። የአፍሪካ መሪዎች በሚሰበሰቡበት ወር ስለ ረሃብ ማውራት ለቤተ መንግሥቱ የማይታሰብ ነበር። ዋናዎቹ ጋዜጦችና ሬዲዮው በመንግሥት እጅ ነበሩ።

የውጭ ድርጅቶቹ ዝምታ የተለየ ምክንያት ነበረው። አገር ውስጥ የሚሠሩት በመንግሥት ፈቃድ ስለሆነ፣ የሚያውቁትን ቢናገሩ ሌላው ፕሮግራማቸው እንደሚዘጋ ይፈሩ ነበር። ዩኒሴፍ በ1965 ክረምት የረሃቡን ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርት አዘጋጅቶ ሲያቀርብ የፕላን ምክትል ሚኒስትሩ የሰጡት መልስ ይታወቃል፦ እርዳታ ለማግኘት ሁኔታውን በዚህ መልክ መግለጽ ካለብን እርዳታውን አንፈልገውም፤ በመንግሥት ላይ የሚመጣው ኀፍረት አያዋጣም። ይህ ንግግር ረሃቡን አልካደም። ረሃቡን አምኖ በአንድ በኩል ሕይወትን፣ በሌላ በኩል ኀፍረትን አስቀምጦ መዘነ። ከተቋማዊ መደበቅ ማስረጃዎች ሁሉ ይህን የመሰለ ብርቅ ነው፤ የሚገኘውም ሹሙ ያናገረው ሰው ቃሉን መዝግቦ ሲያቆይ ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ይህን ልብ ይበል። «ችግሩ ተነስቶ ውይይት ተደረገበት» ብሎ ማጠቃለል ማስረጃን መግደል ነው፤ ማን ምን እንዳለ በራሱ አባባል ይጻፍ።

ፎቶግራፉ

በ1965 ሚያዝያ ገደማ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንስተው ተመለሱ፤ ምስሎቹም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለዕይታ ቀረቡ። ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ ስንጥቅ ነበር። ሪፖርትን ሚኒስትር ሊያስቀምጠው ይችላል፤ የመንግሥት ጋዜጣም አያወጣውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ግን ለማየት ፈቃድ አይጠየቅበትም። ተማሪው ወሬውን በነጋታው ወደየቤተሰቡና ወደየክፍለ አገሩ ይዞት ሄደ።

የኤግዚቢሽኑ ድክመትም መነገር አለበት። ያየው በአብዛኛው አስቀድሞ መንግሥትን የሚቃወም ተማሪ ነበር፤ መንግሥትም ነገሩን እንደ ተማሪ ሁከት ለመቁጠር ተመቸው። ተቃዋሚ ብቻ የያዘው እውነት የተቃዋሚ ወሬ ተብሎ በቀላሉ ይጣላል። የጎደለው ሌላ ዓይነት ምስክር ነበር፤ ለሥልጣን የማይወዳደር፣ ከቢሮው ውስጥ ያለ፣ ወይም ከአገር ውጭ ያለ።

ጥቅምት 8 ቀን 1966

በዚህ ቀን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ የቀረጸው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የሕዝብ መዋጮ ጎረፈ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ጉዳዩን ከዚያ ወዲያ ሊደብቀው አልቻለም። ፊልሙ ያሸነፈው አዲስ ነገር ስላገኘ አይደለም። እርሻ ሚኒስቴርም፣ ቀይ መስቀልም፣ መምህራኑም፣ ዩኒሴፍም ቀድመውት አውቀው ነበር። ፊልሙ ያመጣው አዲስ ነገር የኢትዮጵያ መንግሥት ሊያዘው የማይችለውን ተመልካች ነው።

ብዙ ጊዜ ሲወደስ የማይነገርለት ሌላ ገጽታ አለው። በወሎ ረሃቡ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በክረምቱ፣ በነሐሴ ገደማ ነበር። ፊልሙ ሲታይ ክፉው ወቅት በአብዛኛው አልፎ ነበር፤ የውጭ እርዳታ በብዛት የገባውም ከዚያ በኋላ ነው። የማጋለጥ ሥራ በታሪክ ውስጥ አሸናፊ ሆኖ ሳለ ለሟቾቹ ግን ዘግይቷል። በኅዳር 1965 የተሠራው የሰብል ግምገማ በዚያው ወር ይፋ ቢሆን ኖሮ እህል ለማጓጓዝ ከበልጉም ከክረምቱም በፊት የሚበቃ ጊዜ ነበር። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። የሚዋጣለት ማጋለጥ ከፍ ያለ ጩኸት የሚያሰማው ሳይሆን ቀድሞ የሚደርሰው ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምስል የሌለው ደረቅ ሰንጠረዥ ነው።

ያው ፊልም ሁለተኛ ጊዜ

በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። ስለ ባለሥልጣናቱ ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ቃል ተቀበለ፣ ሰነድ ሰበሰበ፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ እስር ቤት ሆነው የጽሑፍ ቃላቸውን ሰጡ። የወሎው ጉዳይ በቀንና በወረቀት ሊጣራ የሚችልበት ብቸኛው ዕድል ይህ ነበር።

ከጎኑ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967፣ የንጉሠ ነገሥቱ መውረድ ከመታወጁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ምስሎች ጋር አሰናስሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። የረሃብተኛው ሕፃን ከታየ በኋላ የተደረደረ የድግስ ጠረጴዛ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቅንብር ኃይለኛ ነው፤ የማያፍር ተመልካች የለም። ግን አንድም ደብዳቤ፣ አንድም ቀን፣ አንድም መምሪያ አያሳይም። ማን ምን አውቆ ምን አላደረገም የሚለውን ጥያቄ ትቶ የሚቀጣ ሰው ብቻ ያሳያል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። አክሊሉም፣ የወሎ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ሰሎሞን አብርሃምም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር።

ይህ የማስረጃ ኪሳራ ነው ብለን እናምናለን፤ ከሰብዓዊነቱ ጥያቄ ባሻገር። የሞተ ሹም አይጠየቅም፤ ከእርሱ በታች ደብዳቤውን ያስተኛው ጸሐፊና ክፍል ኃላፊም ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለም። አሠራሩ ሳይነካ ቀረ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ያው ወሎ እንደገና ተራበ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል ነበረው፤ አስቀድሞም ጥሪ አሰምቷል። ደርግ ግን በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሲዘጋጅ የረሃቡን ወሬ ገፋው። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ያን ጊዜ በወሎ ሥር ከነበረችው ከቆረም ያቀረበውን ዘገባ ሲያይ ነው። ከፊልሙ እስከ ዘገባው 11 ዓመት ከ5 ቀን፤ በዓሉ 10ኛ ዓመት፣ ወሬው ከወሎ፣ ያወጣው የውጭ ቴሌቪዥን። የተለወጠው ቤተ መንግሥቱን የያዘው ሰው ብቻ ነበር።

ዛሬ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለሚከታተል

ሰንጠረዡ በእህል ዋጋ ብቻ አይያዝ። በየሳምንቱ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከሦስት ሻጮች የሚጠየቁ ቢያንስ አራት ዋጋዎች ያስፈልጋሉ፦ የማሽላ ወይም የስንዴ ኪሎ፣ የመካከለኛ ፍየል፣ የመካከለኛ በሬ፣ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ። ከዚያ ፍየሉና የቀን ሥራው ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዙ ይሰላል። ይህ ቁጥር ለተከታታይ ስድስት ሳምንታት ከወረደ የእህሉ ዋጋ ባይንቀሳቀስም ችግር አለ። ወቅቱን ማስተካከል እንዳይረሳ፦ ከመኸር በኋላ ፍየል ይወደዳል፣ በክረምት ይረክሳል፤ ስለዚህ መስከረምን ከመስከረም እንጂ ከሐምሌ ጋር አታነጻጽሩ። በተለይ የእርሻ በሬ በብዛት ወደ ገበያ መውጣቱ ይመዝገብ፤ ገበሬ በሬውን የሚሸጠው ሌላ መሸጫ ሲያልቅበት ነው።

ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ ስለሆነች የእህል ጭነት አቅጣጫ ይታይባታል። ለሁለት ሳምንት በተመሳሳይ ሰዓት ቆሞ ወደ ደቡብ የሚሄደውንና ወደ ሰሜን የሚመጣውን የእህል መኪና መቁጠር ርካሽ ነው። ታርጋ አይጻፍ፤ ቁጥሩ እንጂ የሾፌሩ ማንነት አያስፈልግም፣ እርሱን ችግር ላይ መጣልም አይገባም።

የሰው ምስክርነት ሲወሰድ በራስ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ማስፈር ግድ ነው። ፎቶግራፍ ሲነሳ ቦታው፣ ቀኑና ያነሳው ሰው ወዲያውኑ ይጻፍ፤ ቀን የሌለው የረሃብ ምስል ከሌላ ዓመት የመጣ ነው ተብሎ አንድ ጊዜ ከተጣለ አብሮት ያለው እውነተኛ ማስረጃ ሁሉ ይጣላል። የተነሳው ሰው ፈቃድ ይጠየቅ፤ የሕፃን ፊት ከሆነ የወላጁ።

ከመሥሪያ ቤት መረጃ ለማግኘት የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጥያቄው በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመለስ ያዛል። አብዛኛው ጥያቄ የሚከሽፈው በአጻጻፉ ነው። «ስለ ምግብ እጥረቱ ያላችሁን መረጃ ስጡን» የሚል ደብዳቤ «ዝርዝር አልተገለጸም» ተብሎ ይመለሳል። «ከጥር 1 እስከ መጋቢት 30 ከወረዳዎች የገቡ፣ ርእሰ ጉዳያቸው የሰብል ሁኔታ የሆኑ ደብዳቤዎች የተመዘገቡባቸው የገቢ መዝገብ ገጾች ቅጂ» ሲባል ግን ባለሥልጣኑ ወይ ይሰጣል ወይ መከልከሉን በጽሑፍ ይናገራል፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ። ጥያቄው ሲገባ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ኮፒ ተቀብሎ መውጣት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ 30ው ቀን ከየት እንደሚቆጠር ማሳየት አይቻልም። ቀነ ገደቡ ካለፈ ቅሬታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።

ማስረጃው ሲቀርብ ለአንድ ወገን ብቻ አይሰጥ። የ1965ቱን ኤግዚቢሽን ያየው በአብዛኛው ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ያልበለጠው ሰንጠረዥና የቀኖቹ ዝርዝር በአንድ ቀን ለግብርናና ለአደጋ መከላከል ቢሮዎች፣ ለምክር ቤት አባላት፣ ለዩኒቨርሲቲ አጥኚዎችና ለጋዜጠኞች ይድረስ፤ ለእያንዳንዱም ሌሎቹ እንደደረሳቸው በግልባጭ ይገለጽ። አንዱ ጠረጴዛ ሲተኛበት ሌላው ያውቃል። ከመውጣቱ በፊት የሚነካው መሥሪያ ቤት ምላሹን እንዲሰጥ በቂ ቀን በጽሑፍ ይሰጠው፤ ምላሹ ከመጣ ሙሉው ይታተም፣ ካልመጣ የተጠየቀበት ቀን ይታተም።